ስም ያጣችው ጥርስ

ጎንደር ቁስቋም፣ ከእቴጌ ምንትዋብ ግንብ በታች ባለው ቁልቁለት ላይ፣ የአንድ አሮጌ ኮሮላ የዳሽቦርድ ክዳን ዘጭ ብሎ የጸሐፊውን ጉልበት መታው። ክዳኑን የምትይዘው ጥርስ ተሰብራለች። ከጥፍር አትበልጥም፤ አንድ መለዋወጫ ሻጭ ግን ዋጋ የጠራው ለሙሉው ዳሽቦርድ ነበር። ጸሐፊው ይህን እስከ ዛሬ ቂም ይዞበታል።

ይበልጥ የገረመው ግን የመካኒኩ ንግግር ነው። «ጋሼ፣ ይቺ... ምን ትባላለች... ይቺ ነገር አትጠገንም» አለው። ኮፈኖን፣ ፓራፋንጎን፣ ፍሪሲዮንን፣ ባሌስትራን በአንድ ትንፋሽ የሚጠራ ሰው ለጥርሷ ስም አጣላት!

ጸሐፊው ምክንያቱን ወዲያው ደረሰበት፤ ቢያንስ የደረሰበት መሰለው። ጎንደር ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ሲሄድ ፒያሳንና አውቶፓርኮን ጥሎ ሄደ፤ የመኪናውን ብልት ስምም እንዲሁ። በዚያ ዘመን የመኪና ሆድ ዕቃ በአብዛኛው ብረት፣ እንጨትና ጎማ ነበር። ፕላስቲኩ ሲመጣ ስም አውጪው ከሄደ ቆይቷል።

አንድ ወዳጁ ይህን አልተቀበለም። ቃላቱን ያመጣው ጦሩ ሳይሆን የአሥመራ ጋራዥና ከጦርነቱ በኋላ እዚሁ የቀሩት ጣሊያኖች ናቸው ባይ ነው። ክርክሩ ከአቦል ተነሥቶ በረካ ላይም አልበረደም። ሁለቱም ሳይሳሳቱ አይቀሩም።

ነገሩን ያወሳሰበው ክዳኑ ራሱ ነው። ጀርባው ሲገለበጥ «ፒፒ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ታትመውበታል፤ ፖሊፕሮፒሊን ማለት ነው። ጸሐፊው በጭላንጭል የሚያስታውሰውን ወደ ማጣራት ገባ። ይህን ፕላስቲክ እ.ኤ.አ. በ1954 ሚላኖ ላይ ለወግ ያበቃው ጁሊዮ ናታ ነው፤ በ1963 ከጀርመናዊው ካርል ዚግለር ጋር ኖቤል ተሸልሞበታል። ሞንቴካቲኒ የተባለው ኩባንያ «ሞፕለን» እያለ ቸበቸበው። ጣሊያኖቹ ስም ያላወጡላት ልጅ የራሳቸው ሆና ተገኘች!

ጸሐፊው ጥርሷን በሱፐር ግሉ ሊያጣብቅ ሞከረ፤ አልያዛትም። አሜሪካዊው ሃሪ ኩቨር እ.ኤ.አ. በ1942 ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልግ ያገኘው ይህ ማጣበቂያ፣ የነካው ላይ ሁሉ እየተጣበቀ ስላስቸገረ ነበር የተተወው፤ ገበያ የወጣው በ1958 ነው። የጸሐፊውን ሁለት ጣቶች አጣብቋል። ፖሊፕሮፒሊን ላይ ግን ሰም ላይ እንደፈሰሰ ውሃ ነው።

የሚያዋጣው እናቶች የተሰነጠቀ ጀሪካን የሚደፍኑበት ዘዴ ነው፤ አግሎ ማቅለጥ። መጀመሪያ ከቢጫ የዘይት ጀሪካን ቁራጭ ተወሰደ። ጀሪካን ፖሊኢታይሊን ስለሆነ አልተዋሐደም፤ እንደቀዘቀዘ ተላጠ። ሁለተኛው ቁራጭ ከተሰበረ አረንጓዴ የፕላስቲክ ወንበር እግር የመጣ ነው፤ እንዲህ ያለ ወንበር ብዙውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ነው። የጋለ ምስማር ሲያርፍባቸው ክዳኑም ቁራጩም ለዘቡ፤ በመሃላቸው ቀጭን ሽቦ ተቀበረ፤ ሲቀዘቅዝ በምላጭ ተላገ። ሥራው ደጅ ይሁን፤ ጭሱ አይጣል ነው።

ግራጫው ክዳን አሁን አረንጓዴ ጥርስ አለው። መካኒኩም ስም አውጥቶላታል። «ጋሼ፣ ወንበሯ ያዘች?» ይላል ባገኘው ቁጥር።

ይዛለች።