ሃያ ስፌት ፍለጋ ወደ ሐረር

የመጨረሻዋ ልጄ ሠርግ ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ተቆርጦ ነበር። ጥቅምት ላይ ዲኮር የሚሠሩ ልጆች ቤታችን መጥተው በስልካቸው ፎቶ ያሳዩን ጀመር። ነጭ መጋረጃ፣ ነጭ ወንበር፣ በየጠረጴዛው መሀል ቁመቱ ክንድ ከስንዝር የሚሆን የብርጭቆ ማስቀመጫ፣ ከላዩ የፕላስቲክ ጽጌረዳ። ያምራል፤ አልዋሽም። ዋጋውን ሲነግሩን ግን በልቤ ደማምሬ ከአንድ ዓመት ጡረታዬ በልጦ አገኘሁት። ያውም ለኪራይ ነው፤ በማግስቱ ጭነውት ይሄዳሉ።

«እማዬ፣ በዕድሜ አንድ ቀን ነው እኮ» አለችኝ ልጄ።

አባቷ በሕይወት ቢኖር እሱ መልስ አያጣም ነበር። እኔ ዝም አልኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቼ ስገላበጥ ግን በወጣትነቴ ሐረር ተከራይቼ የኖርኩበት ቤት ግድግዳ ትዝ አለኝ። ከላይ እስከ ታች በስፌት የተሸፈነ ግድግዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየሠርጉና በየድግሱ ስዞር ያን የሚያህል ጌጥ አላየሁም። ጠዋት ለልጄ «ሐረር ሄጄ ለሃያው ጠረጴዛ ሃያ አንድ ዓይነት ስፌት ገዝቼ እመጣለሁ። ከሠርጉ በኋላም የራሳችን ሆኖ ይቀራል» አልኳት። ሳቀችብኝ። ወንድሟ ግን የአውሮፕላን ትኬት ቆረጠልኝ።

በ1974 ዓ.ም. የነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ ወደ ሐረር ስመደብ የሄድኩት በባቡር ነው። ከለገሃር ተሳፍረን ድሬዳዋ እስክንደርስ ወገቤ ተቆርጦ ነበር። ዘንድሮ ሰማይ ላይ የቆየሁት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ያለው 55 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ግን እንደ ድሮው ነው፤ ሚኒባሱ የደንገጎን ዳገት እየተጠማዘዘ ሲወጣ የቆላው ሙቀት ወደ ኋላ ይቀርና ነፋሻ አየር ይቀበላችኋል። ሐረማያ ስንደርስ አንገቴን በመስኮት አወጣሁ። እኔ በነበርኩበት ዘመን ውሃ የሞላው ሐይቅ ነበር፤ በኋላ ደርቆ ከብት ሲግጥበት በፎቶ አይቼ አዝኜ ነበር። አሁን ውሃው ተመልሷል። አወዳይን አልፈን ሐረር ገባን።

አላየኋት ላላችሁ፣ የድሮዋ ሐረር ጀጎል በሚባለው የድንጋይ ግንብ የተከበበች ናት። ግንቡን ያሠሩት በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት አሚር ኑር እንደሆኑ ይነገራል። አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ በእግር ስትወርዱ መኪና ግርግር የሚባለውን ቁልቁለት ታገኛላችሁ፤ ስሙን ያገኘው በግራና በቀኝ ከተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ ነው። ዛሬም ድምፁ አልጠፋም። ጉልበቴን እያሸሁ፣ ጥቂት እየሄድኩ ጥቂት እየቆምኩ፣ የድሮ ሠፈሬን ፈልጌ አገኘሁት።

ያከራዩኝ እናት ካረፉ ቆይተዋል። በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ናት። እኔ ሳውቃት የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አንድ ሌሊት ትኩሳቷ አልወርድ ብሎ ስመላለስላት አድሬያለሁ። አሁን እሷም አያት ሆናለች። ትንሽ አየችኝና «ሲስተር!» ብላ አቀፈችኝ። እናቷ ይጠሩኝ የነበረው እንዲሁ ነበር።

የሐረሪ ባህላዊ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የምታዩት ነደባውን ነው። ነደባ ከፍና ዝቅ ብሎ የተሠራ ቀይ ቀለም የተቀባ መደብ ነው፤ በአንድ ቤት ውስጥ አምስት ይሆናል። ሰው እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ በየመደቡ ይቀመጣል። ሙሽሮች የጫጉላ ሳምንታቸውን የሚያሳልፉባት ኪርታት የምትባል ትንሽ ክፍልም አለች። ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ደግሞ በቤቱ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው፤ ሽማግሌ መላክ የፈለገ ሳይጠይቅ ይረዳዋል። ቀና ስትሉ ግድግዳው ይመጣል። ክዳን ያለው፣ ዝርግ የሆነው፣ የስኒ መያዣው፣ ትልቁና ትንሹ ስፌት፣ በመሀሉም የሸክላና የብረት ሳህን። አርባ ዓመት አልፎም ግድግዳው እንደነበረ ነው።

ቡና ቀርቦ ወሬያችንን ካደረስን በኋላ የመጣሁበትን ነገርኳት። «ሃያ አንድ ዓይነት፣ አንድ ልክ የሆነ ስፌት ለጥር እፈልጋለሁ» አልኳት።

እስክታለቅስ ሳቀች። «ሲስተር፣ ይሄን እኮ ሰው ነው የሚሰፋው!»

ከዚያ በትዕግሥት አስረዳችኝ። አንድ ትልቅ ስፌት ከቤት ሥራ ጎን ለጎን ሲሰፋ ወራት ይወስዳል። ሣሩ ይሰበሰባል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ አለላው ቀለም ይነከራል፤ ከዚያ በወስፌ እየተወጋ ዙር በዙር ይጠመጠማል። ለቱሪስት የሚሸጠው ትንንሹ ቶሎ ይደርሳል፤ ደህናው ግን አይቸኩልም። ድሮ ልጃገረዶች አንድ ቤት ተሰብስበው ከትልልቆቹ እየተማሩ ይሰፉ እንደነበር እኔም አስታውሳለሁ፤ ከሥራ ስመለስ ሳቃቸው ከግቢው ይሰማኝ ነበር።

ቀጥላም ወደ ግድግዳው እየጠቆመች «ይቺ የአያቴ ናት። ይቺ የአክስቴ። ይቺን እኔ ሳላገባ ሰፋኋት፤ ስህተት አለባት፣ እናቴ ግን አስፈትታ አላሰፋችኝም። እስቲ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት አሳይኝ» አለችኝ። ፈለግሁ፤ አጣሁ። ግን ግድግዳው ዝብርቅርቅ አይልም። ምክንያቱን ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው፤ የሚቀራረቡት ጥንድ ጥንድ ሆነው በግራና በቀኝ ትይዩ ተሰቅለዋል፣ ትልልቁ ከትልልቁ፣ ትንንሹ ከትንንሹ መስመር ይዟል። የሚያስማማቸው አሰቃቀላቸው ነው። እኔ ሃያ አንድ ዓይነት ነገር ፍለጋ ስንከራተት፣ ሥርዓቱ ያለው ከአደራደሩ ኖሯል።

ይህን እያሰብኩ ሳለ ያልጠበቅሁትን ጠየቀችኝ። «የእናቴስ ስፌት? አለችሽ?»

በ1977 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ስዛወር እናቷ ክዳን ያላት ትንሽ ስፌት «ለሠርግሽ ትሁንሽ» ብለው ሰጥተውኛል። ስታገቢ ጠረጴዛሽ ላይ አድርጊያት ማለታቸው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሳገባ ግን የፕላስቲክ አበባ ዘመናዊ የተባለበት ጊዜ ነበር፤ ጠረጴዛዬ ላይ ያደረግሁት እሱን ነው። ስፌቷን ዕቃ ቤት አስገባኋት። ኋላም ወጥ ቤት ቁም ሳጥን ላይ ወጥታ ነጭ ሽንኩርት ማስቀመጫ ሆነች። እናትየው አንድ ጊዜ ለሕክምና አዲስ አበባ መጥተው ቤቴ ሲያርፉ ዓይናቸው ግድግዳውን ሲዞር አይቻለሁ። ምንም አላሉኝም። እኔም ምንም አላልኳቸውም።

«አለች» አልኳት። ከዚህ በላይ መናገር አቃተኝ።

ሌሊቱን እዚያው አደርኩ፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም። ጠዋት ቁርስ ላይ እውነቱን፣ ነጭ ሽንኩርቱንም ጭምር፣ ነገርኳት። ትቀየመኛለች ብዬ ነበር። ትንሽ ዝም ብላ «ውሃ ውስጥ እንዳትነክሪያት» አለችኝ። «በደረቅ ብሩሽ አቧራዋን አራግፊ፣ እርጥብ ነገር ቢሆን በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ጥረጊያት፣ ጥላ ላይ አየር ይምታት። ፀሐይ ቀለሟን ይበላዋል። ሽታዋም ቀስ እያለ ይለቃታል።» ሁለት ደህና ስፌት ከጎረቤቶቿ ገዝቼ፣ ሃያ ሳይሆን ሁለት ይዤ ተመለስኩ።

አዲስ አበባ እንደደረስኩ ከልጄ ጋር ተቀምጠን ተነጋገርን። ሙሽሮቹ የሚቀመጡበትን መድረክ በነጭ መጋረጃ ማስጌጡን አልተወችም፤ እኔም አልከለከልኳትም፣ ሠርጉ የእሷ ነው። የጠረጴዛው ኪራይ ግን ቀረ። በምትኩ ስልክ ያዝኩ። «የእናታችሁን መሶብ፣ የአያታችሁን ሌማት ለአንድ ቀን አውሱኝ» እያልኩ ዘመድ አዳረስኩ። የሙሽራው ወገኖች ጎጃሜዎች ናቸው፤ እነሱ ስድስት ላኩ። ከእኛ በኩል አሥራ አንድ ተገኘ። ከሐረር የገዛኋቸው ሁለቱና የነጭ ሽንኩርቷ ስፌት ሲጨመሩ ሃያ ሞላ። ልጄ በእጅ ጽሑፏ በየካርዱ ላይ የሰፊዋን ስምና አገር ጻፈች። የሁለቱን ሰፊ የሚያውቅ አልተገኘም፤ «ስሟ ያልታወቀ እናት» ብላ ጻፈችላቸው።

ለልጅ ወይም ለልጅ ልጅ ሠርግ ለምታስቡ፣ ያየሁትን ላካፍላችሁ። ረጅም መሶብ ጠረጴዛ መሀል አይሁን፤ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሰዎች እንዳይተያዩ ያደርጋል። ረጃጅሞቹን በጥንድ መግቢያው ግራና ቀኝና ምግቡ የሚነሣበት ጫፍ ላይ አቆምናቸው፤ ዝርጎቹንና ትንንሾቹን ጠረጴዛ ላይ አደረግን። የጠረጴዛ ልብሱ ነጭ ብቻ ሆነ፤ ስፌቱ ራሱ ቀለም ስለሆነ ሌላ ቀለም ሲጨመርበት ይጣላል። ግንዱ አጥሮ የተቆረጠ ጽጌረዳ በሻይ ብርጭቆ አድርገን አጠገቡ አኖርን። ከአበባ መሸጫ ከአንድ ቀን በፊት ገዝተን ሌሊቱን ቀዝቃዛ ቦታ በባልዲ ውሃ ስላሳደርነው እስከ ማታ አልጠወለገም።

የነርስነት ዓይኔም አልተኛም። ቄጤማ በአዳራሹ ሴራሚክ ላይ ሁሉ አልተጎዘጎዘም፤ እርጥብ ቄጤማ ላይ ተንሸራተው ዳሌአቸው የተሰበረ አረጋውያንን አክሜያለሁ። ቡና የሚፈላበት ጥግ ብቻ ጎዘጎዝን። ዕጣኑም እዚያው በመስኮቱ አጠገብ ሆነ፤ አስም ያለበት ሰው ከየትኛው ጠረጴዛ እንደሚቀመጥ አይታወቅምና። የሻማ ነገር ከተነሣ፣ ነጠላ የለበሱ እናቶችና የሚሯሯጡ ሕፃናት ባሉበት ጠረጴዛ ላይ በጭራሽ አልፈቀድኩም። ስፌቱ ውስጥ ዳቦና ቆሎ ስናደርግም የታጠበና የተተኮሰ ነጭ ጨርቅ ከሥር አነጠፍን፤ ይህ ለእንግዳው ንጽሕና፣ ለስፌቱም መከታ ነው።

የሠርጉ ዕለት ሰው ከመቀመጡ በፊት ካርዱን እያነበበ ይዞር ጀመር። የሙሽራው ትልቅ አክስት፣ ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ወደ ተመደበላቸው ጠረጴዛ ሲመሯቸው መንገድ ላይ ቆሙ። የራሳቸውን ስም አይተው ነው። ስፌቷን አንሥተው ገለበጧት። ቀይ አለላ አልቆባቸው በአረንጓዴ የጨረሱበትን ቦታ በጣታቸው ፈልገው አገኙት። «አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ምስጥ በልቷታል ብለውኝ ነበር እኮ» አሉ። ከዚያ ጠረጴዛ እስከ ማታ አልተነሡም፤ የተመደበላቸው ቦታ ባዶውን ዋለ። ልጄ ከመድረኳ ወርዳ ጉልበታቸውን ስትስም አየኋት። ያን ቀን ስለ ብርጭቆ ማስቀመጫው ያነሣ የለም።

ሁሉም ያለ እንከን አለፈ አልላችሁም። ከአሥራ አንዱ የእኛ ወገን ስፌቶች አንዷ ላይ ወጥ ፈስሶ ቅባቱ አልለቀቀም። አፍሬ ስመልስ ባለቤቷ «ይሁን እህቴ፣ ሠርግ በልታለች» ብላ አሳለፈችልኝ።

ውድ አንባቢያን፣ እስቲ ቁም ሳጥናችሁ ላይ ቀና በሉ። ከዚያ የምታወርዱት ነገር አይጠፋም፤ ማን እንደሰፋውም ጻፉበት፣ የሚያውቀው ሰው ሳያልፍ።

የሐረሯ ስፌት አሁን ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። ክዳኗን ከፍቶ ለሚያሸት ነጭ ሽንኩርቱ ገና በስሱ ይሸታል። ፎቶዋን አንሥቼ ወደ ሐረር ላክሁ። በማግስቱ መልስ መጣልኝ፤ «ሲስተር፣ አምሮባታል። ብቻዋን ግን አይሆንም፣ ጥንዷን ጀምሬልሻለሁ።» መቼ እንደምታልቅ አልጠየቅኋትም።