ለአጎቴ ጀልባ ስንት ፈረስ ይበቃታል?

ባሕር ዳር የጀልባ ማቆሚያው አካባቢ ቆሞ ወሬ ያዳመጠ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ጀልባ ብቅ ስትል የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ፈረስ ነው?» የሚል ነው። ርዝመቷን የሚጠይቅ የለም፤ ሆዷ ክብ ይሁን ጠፍጣፋ፣ ክብደቷ ስንት ይሁን የሚጠይቅማ ጭራሽ አይገኝም። ባለ 40 ፈረሱ ባለ 15 ፈረሱን ይንቀዋል፤ ባለ 15 ፈረሱ ደግሞ ያንን በመቅዘፊያ የሚሄደውን የደንገል ታንኳ ይንቀዋል። በዚህ ጽሑፍ ለክፍላችን ተማሪዎችና መምህራን ላካፍላችሁ የምፈልገው ይህ የፈረስ ጥያቄ መምጣት ያለበት መጨረሻ ላይ መሆኑን ነው። ለአንዲት ጀልባ የሚስማማውን የሞተር ጉልበት የሚወስነው ውሃ ውስጥ የሚገባው ሆዷ ነው። ሆዷ የማይቀበለውን ጉልበት ብትሰጧት ነዳጅ ትጠጣለች እንጂ አትፈጥንም።

ነገሩን ያነሳሁት ለፎርሙላ ካለኝ ፍቅር የተነሳ አይደለም። አጎቴ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ አካባቢው ሰውና ዕቃ የምታመላልስ አንዲት የብረት ጀልባ አላቸው። ባለፈው ዓመት ዕቁብ ወጣላቸውና «ያገለገለ ባለ 40 ፈረስ ሞተር አግኝቻለሁ፤ ባለ 15ቱን ሸጬ የጎደለውን በዕቁቡ እሞላለሁ» አሉ። ተሳፋሪው ፈጣን ጀልባ እየመረጠ፣ እሳቸው ዘንድ የሚመጣው ማገዶና የቡና ጆንያ የያዘ ሰው ብቻ ሆኖባቸው ነበር። የቤቱ ገቢ ያቺው ጀልባ ናት። ሦስት ልጆች ይማራሉ። ዕቁቡም ገና ስምንት ወር የሚጣል ነበረው። ስለዚህ «ሞክረን አልሆነም» ተብሎ የሚታለፍ ገንዘብ አልነበረም። ለክረምት እረፍት ስመጣ «መካኒካል ነው የምትማረው አይደል? በል እስቲ ንገረኝ» አሉኝ።

ሜትር ይዤ ወረድኩ። ጀልባዋ ውሃ የሚነካት ርዝመት 7 ሜትር ሆነ። ጭነቷ ሲሞላ ከነተሳፋሪዋ ወደ 2 ቶን ትጠጋለች። (ይህን ያገኘሁት ውሃ ውስጥ የሚገባውን ክፍል ስፋትና ጥልቀት በየአንድ ሜትሩ ለክቼ ይዘቱን በማስላት ነው። አርኪሜዲስን ለፈተና ብቻ የሸመደደ ካለ እዚህ ጋ ይጠቅመዋል።) ሆዷ ክብ ነው፤ ኋላዋም ወደ ላይ ሰብሰብ ብሎ የወጣ ነው።

ጀልባ ውሃውን እየገፋች ስትሄድ አፍንጫዋ ላይ ማዕበል ታነሳለች። የማዕበል ጠባይ ደግሞ ፍጥነቱና ርዝመቱ የተሳሰሩ መሆናቸው ነው፤ ፈጣን ማዕበል ረጅም ነው። ጀልባዋ በፈጠነች ቁጥር አብሯት የሚጓዘው ማዕበል እየረዘመ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ ርዝመቱ ከራሷ ርዝመት ጋር እኩል ይሆናል። ያኔ አንዱ የማዕበል ጫፍ አፍንጫዋ ስር፣ ሁለተኛው ጅራቷ ስር ነው። ከዚያ በላይ ልፍጠን ካለች ሁለተኛው ጫፍ ወደ ኋላ ያመልጣትና ጅራቷ ጉድጓዱ ውስጥ ይሰምጣል፤ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ይቀናል። ከዚህ በኋላ ጉዞዋ ዳገት ነው። ዳገቱን የሠራችው ራሷ ስለሆነች ደግሞ አብሯት ይሄዳል፤ መቼም አትጨርሰውም። ጉልበቱ ሁሉ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

ይህን ሞዴል መርከቦችን በገንዳ ውስጥ እየጎተተ ያጠናው እንግሊዛዊው ዊልያም ፍሩድ (1810–1879 እ.ኤ.አ.) ነው። በፍሉይድ ሜካኒክስ ኮርስ «ፍሩድ ቁጥር» እያልን የምንጽፈው በስሙ ነው። ለተግባር የሚሆነው አጭር ሒሳብ እንዲህ ነው፦ ውሃ የሚነካውን ርዝመት በሜትር ወስዳችሁ ስኩዌር ሩቱን በ4.5 አባዙት፤ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ይወጣላችኋል። ለ7 ሜትር ጀልባ 12 ገደማ ነው። የአጎቴ ጀልባ በባለ 15 ፈረሱ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቷት፣ በስልኬ ጂፒኤስ ስለካት 11 ትሄድ ነበር። ማለትም ጣሪያዋን ልትነካው ምንም አልቀራትም።

«ታዲያ እነዚያ እንደ ወፍ የሚበሩት ከየት መጡ?» አሉ አጎቴ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እነዚያ ሌላ ዘር ናቸው። ልጅ ሆነን ጠፍጣፋ ድንጋይ ውሃ ላይ ስናስዘልል እንደነበረው፣ ፍጥነት ሲያገኙ ውሃውን መግፋት ትተው ላዩ ላይ ይወጣሉ። ለዚህ ግን ሆዳቸው ወደ ኋላ በኩል ጠፍጠፍ ያለ፣ ጠርዙ እንደ ሳጥን የተቆረጠ፣ ኋላቸውም ሰፊና ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ቀላልም መሆን አለባቸው፤ እንደ ሻካራ መመሪያ ለአንድ ፈረስ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ክብደት ነው የሚታሰበው። የአጎቴን 2 ቶን በዚህ ብናካፍለው ቢያንስ 80 ፈረስ ይመጣል። እሱም ቢገኝ ሆዷ እሺ አይልም። ማንኪያን በጀርባው በኩል ወደሚወርድ የቧንቧ ውሃ ብታስጠጉት ውሃው ሳይገፋው ወደ ራሱ ይስበዋል። ወደ ላይ ተጠማዞ የወጣ የጀልባ ኋላም በፍጥነት ሲነዳ ልክ እንደዚያው ወደ ታች ይሳባል። ስለዚህ ባለ 40 ፈረሱ ሁለት ዓለም መካከል ይቀራል፤ ለቀስተኛዋ ጀልባ በጣም ብዙ፣ ለመብረር ደግሞ ግማሽ እንኳ የማይሆን። እንደኔ ግምት 13፣ ቢበዛ 14 ኪሎ ሜትር ታወጣለች። ከአንድ ሰዓት መንገድ አሥር ደቂቃ ገደማ ለመቆጠብ፣ በሙሉ ነዳጅ በሰዓት ከ15 ሊትር በላይ ማቃጠል ማለት ነው።

አሁን በመጽሐፎቻችን ብዙም ወደማናገኘው ነገር ልምጣ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። ሞተር የሚተነፍሰው አየር በከፍታ ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። በዚህ ስሌት ባሕር ዳር ላይ የተሰቀለ ባለ 15 ፈረስ በእውነቱ 12 ከምናምን፣ ባለ 40ውም 33 ገደማ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ችግሩ አየሩ ሳሳ እንጂ ውሃው አልሳሳም። ፕሮፔለሩ የሚቆፍረው ውሃ ጂቡቲ ካለው የሚያንሰው በጨው ብቻ ነው። ስለዚህ ለባሕር ዳርቻ ተብሎ የተገጠመ ፕሮፔለር እዚህ ለደከመው ሞተር ይከብደዋል፤ ሞተሩ ሙሉ ዙሩን ሳያገኝ እያቃሰተ ይሠራል።

የአጎቴ ፕሮፔለር ላይ ፒቹ 10 ኢንች ተብሎ ተጽፏል። ፒች ማለት ፕሮፔለሩ እንደ ብሎን ጠጣር ነገር ውስጥ ቢዞር በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚሄደው ርቀት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ዙር ቢዞር፣ ማርሹ ዙሩን በግማሽ ገደማ ስለሚቀንሰው፣ ይህ ፕሮፔለር በወረቀት ላይ በሰዓት ከ36 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ የተቆረጠ ነው። ልብ በሉ፤ የምትሄደው ጀልባ 11 ነው የምትሄደው! ለሚበር ጀልባ የተሠራ ጫማ ሸክም ለያዘ ሰው እንደማልበስ ነው። ከካንዴላው ገመድ ላይ የሚጠቀለል ትንሽ ታኮሜትር ተውሼ ስለካ ሞተሩ ከ4,200 ዙር አላልፍም አለ። ፒቹ በአንድ ኢንች ሲቀንስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። ስለዚህ ያቀረብኩት ሐሳብ ሞተሩ ይቅር፣ ፒቹ 8 የሆነ ፕሮፔለር ይገዛ የሚል ነበር።

አጎቴ ዝም ብለው ሰሙኝና «ፎርሙላህ ከሰዓት በኋላ የሚነሳውን ነፋስ ያውቀዋል?» አሉኝ። ከዚህ ሁሉ ውይይት በጣም የወደድኩት ይህን ነው። በወረቀቴ ላይ ውሃው ጸጥ ሲል በ9 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 6 ፈረስ እንኳ አያስፈልጋትም። ይህን አንብቦ «እንግዲያው ባለ 8 ፈረስ ይበቃል» የሚል ተማሪ ከመካከላችን አይጠፋም። ጣና ግን ሰፊ ሆኖ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ እጅግ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ነፋስ ሲነሳ አጭርና ቀጥ ያለ ሞገድ ያቆማል፤ ጀልባዋን በየደረጃው እየመታ ፍጥነቷን ይገድላል። ነፋሱ ደግሞ ተሳፋሪውንም፣ ጆንያውንም፣ ጥላውንም ወደ ኋላ ይገፋል። ሰው ጭኖ ወደ ወደብ መመለስ ያቃተው ጀልባ ምንም ነዳጅ ቢቆጥብ ምን ይረባል? ስለዚህ ከሚያስፈልገው በላይ የሚቀመጥ መጠባበቂያ ጉልበት የግድ ነው። ከባለ 15 ፈረሱ አንወርድም ብለን የተስማማነው በእሳቸው ነፋስ ነው፤ ከእሱ በላይ አንወጣም ያልነው በእኔ ማዕበል ነው። መጠባበቂያውን ውሃ ውስጥ የሚያወርደውም ትንሽ ፒች ያለው ፕሮፔለር ነው፤ ጀልባዋ ነፋስ ይዟት ስትዘገይ ሞተሩ ሳይታነቅ ይገፋታል።

ፕሮፔለሩ ከዱባይ በሰው እጅ መጣ። (ለማስመጣት ሁለት ወር ፈጀ፤ በዚህ መሃል የባለ 40ው ሻጭ ሦስት ጊዜ ደውሏል።) ከተገጠመ በኋላ ሞተሩ 4,600 ዙር ገባ። ፍጥነቷ ከ11 ወደ 11.5 ብቻ ነው ያደገው፤ ተአምር አይጠበቅም፣ ጣሪያው 12 ነው። በምልክት ጀሪካን ስንለካ በሙሉ ነዳጅ በሰዓት 6 ሊትር ተኩል፣ በ9 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ግን 3 ሊትር ያህል ሆነ። በኪሎ ሜትር ሲሰላ ፍጆታው በ40 በመቶ ገደማ ያንሳል። አሁን ጠዋት ጠዋት በ9 ነው የሚሄዱት። ከዕቁቡ በተረፈው ለተሳፋሪው ሁሉ የሚበቃ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ገዙ፤ የመነሻ ሰዓታቸውንም በሰሌዳ ጽፈው ሰቀሉ። የቸኮለ ሰው ዛሬም ሌላ ጀልባ ነው የሚይዘው። የሚሰፍርላቸው ግን ጨምሯል፤ ምን ያህሉ በሰዓቱ፣ ምን ያህሉ በጃኬቱ እንደሆነ ለመለየት አልሞከርኩም።

ያ ባለ 40 ፈረስ ግን ጠፍቶ አልቀረም። በጣና ላይ የሞተር ማስገሪያ ጀልባና የናይለን መረብ በ1986 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የዓሣ ልማት ፕሮግራም ከገቡ ወዲህ ሞተር መግዛት የአሣ አስጋሪ ሁሉ ምኞት ነው። ሞተሩን የገዛው የአጎቴ ጎረቤት ነው፤ ጀልባው ከእንጨት የተሠራች፣ ከሥር ጠፍጣፋ፣ 5 ሜትር ርዝመትና ኋላዋ 1.5 ሜትር ስፋት ያላት ናት። ይህችኛዋ በእርግጥም ትበራለች። እኔን ያስጨነቀኝ እሱ ነው።

አሜሪካኖች ከ20 ጫማ ለሚያንሱ የሞተር ጀልባዎች ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አላቸው። ርዝመቱና የኋላው ስፋት በጫማ ይባዛል፤ ከዚያ መሪ የሌለው፣ ሞተሩ በእጅ እጀታ የሚነዳ ጠፍጣፋ ጀልባ ከሆነ በ0.5 ተባዝቶ 15 ይቀነስለታል። የጎረቤታችን ጀልባ 16.4 በ4.9፣ ወደ 80 ይመጣል፤ መልሱ 25 ፈረስ ነው። ያችው ጀልባ ከፊት መሪ ቢኖራትና ኋላዋ 20 ኢንች ከፍታ ቢኖረው ሕጉ ቀመሩን ይቀይርና ወደ 70 ይፈቅድላታል። ልዩነቱ ይገርማል። ግን ምክንያት አለው፤ ኋላ ተቀምጦ እጀታ የጨበጠ ሰው፣ በፍጥነት መሃል እጁ ቢያመልጠው፣ ጀልባዋ በራሷ ተጠማዝዛ ትገለበጣለች። ሕጉ የሚነግረን ትልቁን ወሰን እንጂ የሚስማማውን መጠን አለመሆኑንም አንርሳ።

ይህን ለጎረቤታችን ስነግረው ሳቀና «ከፍታው 33 ያደርገዋል ብለህ የለ? ምን ቀረው ታዲያ» አለኝ። እየተከራከርኩት ነው። 33ም ቢሆን ከ25 ይበልጣል፤ ደግሞ ከፍታ የሚቀንሰው ጉልበቱን እንጂ የሞተሩን ክብደት አይደለም። ከ70 ኪሎ በላይ ነው፤ እሱ ራሱ እጀታውን ይዞ ኋላ ሲቀመጥ ይጨመርበታል፤ የነዳጁ ጀሪካንም እዚያው እግሩ ስር ነው። መረብ ጭኖ ሲመለስ ከኋላ በኩል ከውሃው በላይ የቀረውን ሳንቃ ለካሁት፤ 18 ሳንቲ ሜትር። ጀሪካኑን ወደ ፊት እንዲያዛውረው ተስማምቷል፤ ቱቦው ግን አጭር ነውና ረዘም ያለ እየፈለግን ነው።