አሥራ ስምንት አእምሮ

ባለፈው የቡና ለቀማ ሰሞን ደዶ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ መርማሪ ሆንኩ። የሾመኝ የእህቴ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ ከትምህርቱ ይልቅ ግን ልቡን የሰረቀው ጓደኞቹን ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቦ የሚያጫውተው ጨዋታ ነው። አንዱ ጨዋታ መሪ ይሆንና ታሪኩን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ "በሩን ገንጥዬ እገባለሁ" ያለ ሰው ይሳካለት እንደሆነ ዳይስ ይጣላል። የገጸ ባሕርዩ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ አእምሮ ሳይቀር በቁጥር ተለክቶ ወረቀት ላይ ሰፍሯል። የዚህ ሁሉ አባት ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚሉት ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 አወጡት። ሦስት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ይጣልና ድምሩ ዕጣ ፈንታችሁ ይሆናል፤ ትንሹ 3፣ ትልቁ 18።

"ጋሼ ሥነ ጽሑፍ ያስተማሩ ስለሆኑ" አለና 18 አእምሮ ያለው መርማሪ ሰጠኝ። ሰማንያን የተሻገሩት አክስቴ ቡና እያፈሉ "እኔስ?" አሉ። የመጋዘን ዘበኛ ደረሳቸው። አእምሮ፦ 6።

ለነገሩ ጉልበት ቀላል ነው። እኔ ወገቤን እያመመኝ አንድ ጀሪካን ውሃ አላነሣም፤ ወረቀቱ ላይ 18 ጉልበት ከተጻፈልኝ ግን ገጸ ባሕርዬ ቋጥኝ ይፈነቅላል። ማንም "ቋጥኝ ይምጣና ይሞከር" አይለኝም። ጣጣው አእምሮ ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ሰው ሊቅ ነው፤ የሚያስብለት ግን እኔው ነኝ። ከእኔ የሚበልጥ አእምሮ ከየት አምጥቼ ላበድረው?

ደራሲዎች ይህ ችግር የለባቸውም። ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት የለፈለፍኩበት ነገር ነው። ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1887 ሼርሎክ ሆምስን ለአንባቢ ሲያስተዋውቅ፣ አስተውሎቱን ከኤዲንብራው መምህሩ ከሐኪሙ ከጆሴፍ ቤል ተውሷል፤ ትልቁ ብልሃት ግን መልሱን አስቀድሞ ማወቁ ነው። ደራሲው ሌባውን ይመርጣል፤ ከዚያ ወደ ኋላ እየተመለሰ ጭቃውን፣ የሲጋራ አመዱን፣ የጫማውን ዱካ በየቦታው ይጥላል። ሆምስ መጥቶ ይለቅመዋል። የኛ እንቆቅልሽም ያው አይደል? ጠያቂው መልሱን በብብቱ ሸጉጦ ይነሣል፤ ያላወቀው አገር ይሰጣል። ጅማን ከነአካባቢዋ ስንት ጊዜ ለእህቶቼ አስረክቤአለሁ መሰላችሁ! ጠያቂውን ግን "አንተስ ብትጠየቅ ታውቀው ነበር?" የሚለው የለም።

ጨዋታ ሠሪዎቹም ተጨንቀውበታል። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣ አንድ የሆምስ ጨዋታ፣ ተጫዋቾቹ ሆምስን አይሆኑም፤ ይፎካከሩታል። የእሱ ውጤት ሁልጊዜ 100 ነው፤ እሱ ካንኳኳቸው በሮች በላይ ላንኳኳችሁት ለእያንዳንዱ 5 ነጥብ ይቀነስባችኋል። "‘ኤ’ የእግዜር፣ ‘ቢ’ የመምህሩ" ይባልላቸው የነበሩ መምህራን ያወጡት ሕግ ይመስላል። ሮቢን ሎውስ የተባለው ካናዳዊ ደግሞ፣ ጋምሹ በሚባለው ሕጉ፣ ፍንጭ ማግኘትን ከዳይስ ነጠቀው። መርማሪው ሙያው ካለውና ከቦታው ከደረሰ ፍንጩ ይሰጠዋል፤ ትርጉሙን ማሰብ የተጫዋቹ ዕዳ ነው። ይኸኛው ይበልጥ ይዋጥልኛል። በዕጣ ሌባ መፈለግን እኛም ሞክረነዋል፤ ሌባ ሻይ እንለው ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ይለቀቃል፤ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። አፈርሳታ ይሻል ነበር፤ አገሬው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ይጠየቃል፤ ሌባው ካልተገኘ ዕዳውን በጋራ ይከፍላል።

ወደ ጨዋታችን ልመለስ። ልጁ ታሪኩን ያዘጋጀው ለደዶ እንዲሆን አድርጎ ነው፦ ከአንድ መጋዘን በሌሊት ጀንፈል ጠፍቷል፤ ቁልፉ አልተሰበረም፤ በር ላይ ክፉ ውሻ ታስሯል። ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ ጣልኩ፤ 19። "መርማሪው ወለሉ ላይ ቀይ ጭቃ አየ" አለኝ። ከዚያ ማን ይያዘኝ! የዱካውን ስፋት፣ የቀን ሠራተኛውን አዲስ ጫማ፣ ትከሻው ላይ ያለውን መላጥ እያያያዝኩ የክፍለ ጊዜ ያህል አስተማርኩ።

እትዬ ሲኒ እያለቀለቁ "ውሻውስ ጮኸ?" አሉ።

ልጁ ወረቀቱን አገላበጠ። "አልጮኸም።"

"እንግዲያው የቤት ሰው ነው።"

ልክ ነበሩ። ልጁ ግን ቅር አለው። "እማማ፣ በሕጉ መሠረት እኮ ዘበኛው ይህን ማሰብ አይችልም። አእምሮው 6 ነው።"

"ከውሻ ጋር እያደረ ይህን ካላወቀ ምኑን ዘበኛ ሆነ?"

ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን የጫማውንና የትከሻውን ነገር ከየት እንዳመጣሁት ገና ያኔ ገባኝ። ልጁ ስለ ጫማ አንዲት ቃል አልተነፈሰም ነበር።

በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከዚሁ ቤት በረንዳ ሦስት ፈረሱላ ጀንፈል ጠፋ። እኔ ከትምህርት ቤት በተቃለለ እንግሊዝኛ የተጻፈ የሆምስ መጽሐፍ ተውሼ የምይዘውን የምጨብጠውን ያጣሁበት ሰሞን ነው። ከጎጀብ ማዶ የመጣ አንድ ለቃሚ ነበር፤ ስሙን አልጽፈውም። እግሩ ላይ ቀይ ጭቃ አየሁ። (በደዶ ቀይ ጭቃ ያልረገጠ ማን ነው?) አዲስ ኮንጎ ጫማ ገዝቷል። ትከሻው ተልጧል። ለአባቴ አንድ በአንድ አስረዳሁ። አባቴ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝ፤ ኮርቶብኛል። ሰውየው ከሰዓት በኋላ ተባረረ፤ የአሥራ አንድ ቀን ሒሳቡም በጀንፈሉ ፈንታ ተያዘበት። ሲወጣ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞት ነበር። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜም አልገባኝም።

"የዚያን ጊዜም አልጮኸም" አሉ እትዬ፣ እኔን ሳያዩ።

"ማን ነበር?"

"ወንድምህ ነዋ፣ ነፍሱን ይማረው። ካርታ ተበልቶ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"

"ማን ጠየቀኝ? አባትህ የጠየቀው አንተን ነው። ተማሪው አንተ ነህ።"

ልጁ ዳይሱን በመዳፉ እንደያዘ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ያያል። እትዬ ሁለተኛውን ቀዱ።

"በዓመቱ ከዚያ ማዶ የመጡትን ለቃሚዎች ጠይቄአቸው ነበር" አሉ። "አናውቀውም አሉኝ።"