ገንዳው ይቅር ወይስ አያት?

የትምህርት ቤት የዓመቱ አጋማሽ ዕረፍት ሲቃረብ የልጆቼ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ መዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል ውሰጅን። እኔ ያለችኝ የአምስት ቀን ፈቃድ ናት። መሐል ሜዳ ያሉት አያታቸው ደግሞ ዓይናቸው እየደከመ ነው።

ገንዳ ከተባለ፣ ሶደሬ በፍል ውሃው የታወቀ ነው። ሆኖም እናቶች፣ ስለ ገንዳ ስታስቡ ከአልጋው ምቾት በፊት ውሃውን እዩ። ከዓመታት በፊት በአንድ ሆቴል ልጄ ጥልቁ ቦታ ባልተለየበት ገንዳ ውስጥ ሲሰምጥ ያወጣው አንድ እንግዳ ነበር፤ ጠባቂ የሚባል አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ሳልከፍል ወርጄ አያለሁ። ወለሉ ጥርት ብሎ ይታያል? የሕፃናቱ ገንዳ ለብቻው ነው? ዋና የሚችል ጠባቂስ ቆሟል?

ዘንድሮ ግን በደብረ ብርሃን በኩል ወደ መንዝ ወጣን። ልጆቹ አኩርፈዋል። አያታቸው ፊታቸውን እየዳሰሱ ማን ማን እንደሆነ ለዩ። የመሐል ሜዳ ሌሊት ያንዘፈዝፋል፤ ሹራብና ካልሲ አትርሱ፤ እኛንስ የመንዝ ባና አዳነን።

በማግስቱ ጓሳ ሄድን። የአገሩ ሰው ሣሩን በራሱ ሕግ እየከለለ ከ400 ዓመት በላይ ጠብቆታል። ጭላዳዎቹ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ ልጆቹ ኩርፊያቸውን ረሱ። ቀይ ቀበሮ ለማየት ግን አልታደልንም።

ለክረምቱ ሶደሬን ቃል ገብቻለሁ፤ ጠባቂውን ካየሁ በኋላ ነው እንጂ።