በጉና ሰማይ ላይ፣ ወደ ጨጨሆ በሚወስደው መንገድ

ከደብረ ታቦር ወጥቶ የጋይንትን መንገድ የያዘ ሰው ጉናን በቀኙ እያየ ይጓዛል። ተራራው ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። ጫፉ አካባቢ ጓሳና ጅብራ እንጂ ዛፍ የለም። ርብና ጉማራ ከዚሁ ተነሥተው ፎገራን አቋርጠው ጣና ይገባሉ።

እኔ ወደዚያ የወጣሁት በአማራ ክልል ጦርነት ሳይነሣ በፊት፣ በአንድ በጋ፣ የገጠር መንገድ በድሮን ከሚያጠኑ ቀያሾች ጋር ነው። በማለዳ መሬቱ ላይ በኖራ መስቀል እየሠሩ የእያንዳንዱን መስቀል ቦታና ከፍታ በጂፒኤስ መዘገቡ። የድሮኑን ባትሪዎች ጃኬታቸው ውስጥ ብብታቸው ሥር ይዘዋቸው ነበር፤ ብርድ የባትሪን አቅም ይበላል። በዚያ ከፍታ ደግሞ አየሩ ስስ ነው፣ ክብደቱ በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ቢሆን ነው። ስለዚህ ክንፎቹ ድሮኑን ለማንሣት አብዝተው መሽከርከር አለባቸው፣ የሚበርበትም ጊዜ ያጥራል። ደመናው ጉናን ሳይሸፍነው ሥራው ማለቅ አለበት።

ድሮኑ ተነሥቶ ገበሬ ትልም እንደሚያወጣ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰ። ፎቶዎቹ እርስ በርስ እንዲደራረቡ ሆነው ነው የሚነሡት፤ አንዱ ፎቶ ከሚቀጥለው ጋር እስከ 80 በመቶ ይደራረባል። አንድ ድንጋይ በብዙ ፎቶ ከተለያየ አቅጣጫ ስለሚታይ ኮምፒውተሩ የድንጋዩን ከፍታ ያሰላል፤ የኖራ መስቀሎቹም ስሌቱን ከትክክለኛው ቦታ ጋር ያስሩታል። ማታ ላፕቶፑ ላይ ሸንተረሩ በሙሉ ተዘርግቶ አየሁት። የቱ ጋ ስንት ሜትር ኪዩብ አፈር እንደሚቆረጥ፣ የቱ ጋ እንደሚሞላ ከዚያ ይወጣል። ቶታል ስቴሽን በሚባለው የቀያሽ መለኪያ ቢሆን ሰው ገደሉን እየወጣና እየወረደ ብዙ ቀን የሚለፋበት ሥራ ነው። አደነቅሁ፤ አሁንም አደንቃለሁ።

ባሕር ዛፍ ያለበት ቦታ ግን ችግር አለ። ካሜራው የሚያየው የቅጠሉን አናት እንጂ መሬቱን አይደለም። የረዘመ ጓሳም እንዲሁ ያሳስተዋል። ስለዚህ አንዱ ልጅ ዘንግ ተሸክሞ ዛፉ ውስጥ እየገባ ከፍታውን በእግሩ ለቀመ።

ከዚያ ወደ ምሥራቅ ስንቀጥል፣ በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ጨጨሆ፣ ልቤ ወደ 1860 ዓ.ም. ሄደ። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ የተነሡት በዚያ ዓመት መስከረም መጨረሻ ነው። ጋፋት ላይ የተሠራው መድፋቸው ሴባስቶፖል 7 ቶን ግድም ይመዝናል፤ ለሱ የሚሆን መንገድ በፊታቸው አልነበረም። መንገዱን እየሠሩ ነው የሄዱት። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ይፈነቅሉ ነበር። መድፉን በመቶ የሚቆጠር ሰው በገመድ እየጎተተው በጨጨሆ ወደ ዋድላ ወጣ፣ የጂጣን ገደል ወርዶ ደላንታ ላይ ወጣ፣ በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ ሲደርስ መጋቢት ሆኗል። ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የጂኦግራፊ ሊቅ ክሌመንትስ ማርካም ያንን መንገድ አይቶ በመጽሐፉ አድንቆታል። ኮንቱር የለ፣ ካርታ የለ፤ ሠረገላ የሚችለውን ተዳፋት በዓይንና በእግር ብቻ አገኙት። ጨጨሆ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ለእኔ በኢትዮጵያ ምህንድስና ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ የመንገድ ሥራ የለም፤ በትምህርት ቤት ግን የምንማረው ስለ መድፉ ብቻ ነው።

ያ ጦርነት ከተነሣበት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ግን በአማራ ክልል ድሮን ሲባል ሰው የሚያስበው ሌላ ሆኗል። በድሮን ጥቃት ሲቪሎች መገደላቸውን የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት ተናግሯል። ስለዚህ ለቀያሽ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር (ኢንሳ) የበረራ ፈቃድ ማውጣት ብቻ አይበቃውም። ነገ ሰላም ወርዶ መንገድ የሚያጠና ሰው ድሮኑን ከሣጥኑ ሳያወጣ በፊት በየቀበሌው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ምን እንደሚያበር፣ መቼና ለምን እንደሚያበር መናገር አለበት። ሳይናገር ቢያስነሣ ሕፃን ይዛ ወደ ገደል የምትሮጥ እናት ትኖራለች።

እነዚያ ቀያሾች በዚያ በጋም ነግረው ነበር፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ። ፎቶው ሲያልቅ ላፕቶፑን ለሰው ሁሉ አሳዩ። አንድ ሽማግሌ የቤታቸውን ቆርቆሮ፣ አጥራቸውን፣ የድንች ማሳቸውን አንድ በአንድ ለዩ። ከዚያ መስመሩ የሚያልፍበትን ባሕር ዛፋቸውን በጣታቸው እየነኩ ጠየቁ።

«ካሣው በዚህ ነው የሚሰላው?»

«ለመነሻ ያህል ነው፣ አባቴ።»

«ከላይ አይታችሁ ስንት ግንድ እንዳለኝ ታውቃላችሁ?»

«አናውቅም። ገብተን እንቆጥራለን።»

«እንግዲያውስ እኔም አብሬ እቆጥራለሁ» አሉና ዱላቸውን አነሡ።