የእቴጌዋ ቀሚስ

“ስለ ጉዞ ጻፉ” ሲባል ብዙዎቹ ጓደኞቼ ላሊበላን ወይም ሐይቅ እስጢፋኖስን መረጡ። እኔ የምጽፈው ስለ ለንደን ነው። ፈረንጅ አገር ረግጫለሁ ለማለት አይደለም። የአገሬን ነገር መጀመሪያ ያየሁት እዚያ በመሆኑ እስከዛሬ ስለሚያሳፍረኝ ነው።

ነሐሴ 2010 ዓ.ም. አክስቴ ጋብዛኝ ለሦስት ሳምንት ሄድኩ። ያኔ ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ነበርኩ። አክስቴ ገበያ ልትወስደኝ ስትል ቪክቶሪያና አልበርት የሚባለው ሙዚየም ይሻለኛል አልኳት። እውነቱን ለመናገር መግቢያው በነፃ መሆኑን ሰምቼ ነው። ጨርቅ የተማረ ሰው እዚያ ቤት ከገባ መውጫው ይጠፋዋል። እኔ ግን ብዙም ሳልዞር “መቅደላ 1868” ከሚል ጽሑፍ ፊት ቆምኩ።

1868 በእነሱ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ 1860 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን ራሳቸውን ከሰዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር መቅደላ አምባ ላይ ያገኘውን ዘርፎ በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭኖ ወረደ፤ ደላንታ ሜዳ ላይም በጨረታ ሸጠው። ደላንታን እኛ የምናውቀው በኦፓል ነው። ጨረታ ሲካሄድበት እንደነበር ለንደን ሄጄ መማሬ የሚገርም ነው።

ለእይታ የቀረበው 20 ዕቃ ብቻ ነበር። እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዐፄ ኢያሱ ለጎንደር ቁስቋም ያሠሩት የወርቅ ዘውድ አለ፤ የወርቅ ጽዋ አለ። ሰው ሁሉ ዘውዱን ከብቦ ፎቶ ያነሳል። እኔን የያዘኝ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ቀሚስ ነው (እዚያ ጥሩነሽ ብለው ነው የጻፏት)። ነጭ ጥጥ ላይ በሐር ክር የተጠለፈ ነው። እቴጌዋ ከመቅደላ ወጥታ ከጦሩ ጋር ስትጓዝ እዚያው በ1860 ዓ.ም. መንገድ ላይ ሞተች። ልጇ አለማየሁ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ18 ዓመቱ አረፈ፤ መቃብሩ ዊንድዘር ነው። ቀሚሱ ግን መስታወት ውስጥ ቆሟል፤ ልክ ባለቤቷ አሁን አውልቃው የሄደች ይመስል። የስልኬ ባትሪ አልቆ ስለነበር ጥልፉን በእስክሪብቶ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ፤ አክስቴም ተሰላቸች።

“እዚህ ባይመጣ ኖሮ ይሄኔ ብል በልቶት ነበር” አለችኝ ስንወጣ።

ደሜ ፈላ። “ደሴ ሙዚየም አለ አይደል እንዴ! ለምን እዚያ አይቀመጥም?” አልኳት። ያልነገርኳት ነገር ቢኖር ደሴ ተወልጄ አድጌ፣ በሩ ላይ ስንቴ አልፌ፣ አንድም ቀን ገብቼ እንደማላውቅ ነው። ስመለስ እገባለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ። ተመለስኩና ፈተና ደረሰ፤ ከዚያ ምርቃት፤ ከዚያ ሥራ ፍለጋ። ሙዚየም የት ይሄዳል?

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ገባ። እኛ በኮምቦልቻ በኩል አድርገን ወደ አዲስ አበባ ወጣን። ከተማው ኅዳር መጨረሻ ላይ ሲለቀቅ ተመለስን። ሙዚየሙ ተዘርፎ ነበር። ምን እንደጠፋ ሰዎች ሲነግሩኝ ዝም ብዬ አዳመጥኩ፤ ያላየሁትን ምን ብዬ አዝናለሁ?

አክስቴ በዚያ ሰሞን ትደውል ነበር። ስለ ቤቱ፣ ስለ ዘመዱ፣ ስለ እህል ጠየቀች። ስለ ሙዚየሙ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። “አላልኩሽም?” ብትለኝ ይቀለኝ ነበር። ማታ ማታ ብቻዬን እከራከራታለሁ። ሐይቅ ገዳም የአባ ኢየሱስ ሞዐን ወንጌል ከ700 ዓመት በላይ ጠብቆ አኑሯል እላለሁ። ደሞ ቀሚሱን እኮ አደራ ብለን አልሰጠናቸውም፤ ዘርፈው ነው የወሰዱት። ሙዚየሙ በ2010 ዓ.ም. በረጅም ጊዜ ውሰት ለመስጠት ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ የገዛ ዕቃን መዋስ! ይህን ሁሉ እላለሁ። ሆኖም ቀሚሱ በ2011 ዓ.ም. ደሴ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ መልስ አጣለሁ። ይመለስ የሚለው አቋሜ አልተለወጠም፤ የምናገርበት ድምፅ ግን ቀንሷል።

ባለፈው ዓመት አያቴን ልጠይቅ ተንታ ሄድኩ፤ መቅደላ ከዚያው ወረዳ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት አሠርተው ያስጎተቱት ሴባስቶፖል መድፍ እስከዛሬ አምባው ላይ ነው፤ ክብደቱ ከዝርፊያ አድኖታል። አያቴ በወጣትነታቸው ጥልፍ ይጠልፉ ነበር። ደብተሬን አውጥቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው ብዙ አዩት።

“እዚህ ጋ ተሳስተሻል” አሉኝ አንገቱ ላይ በጣታቸው እየነኩ። “ክሩ እንዲህ አይዞርም።”

“እንደዚያ ነው ያየሁት እማማ።”

“በይ ክር አምጪ” አሉኝ። ነጭ ነጠላዬን ጭናቸው ላይ ዘርግተው መርፌውን ለመሰካት ሦስት ጊዜ ሞከሩ፤ አልሆን ሲላቸው ለኔ ሰጡኝ።