አምስተኛው ተሳፋሪ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣ ትንሽ መኪና ውስጥ አራት ሆናችሁ ተሳፍራችሁ ታውቃላችሁ? ዳገቱ ሲበረታ ጨዋታ ይቋረጣል። ማንም ማንንም ሳያዝ ሁሉም ወደ ፊት ዘንበል ይላል። ትንፋሹን የሚይዝም አይጠፋም። ዘንበል ማለታችን ለመኪናዋ አንዲት ግራም እንደማይቀንስላት እናውቃለን፤ የተማርን ሰዎች ነን። ግን እሷ እንዲያ እያቃሰተች ደገፍ ብሎ መቀመጥ ነውር ነገር ይመስላል።

በመኪናዋ አትፍረዱ። አዲስ አበባ የተቀመጠችው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ እንጦጦ ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። ሞተር የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም፤ አየርም ይበላል። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተርም በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። ባለ አንድ ሊትሯ ቪትዝ በወረቀት ላይ 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ አላት። አዲስ አበባ ስትገባ ግን 15 የሚሆኑት ፈረሶች ጅቡቲ ወደብ ላይ ቀርተዋል። ቀረጡን የከፈልነው ለሙሉ ሞተሯ ነው፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።

ለሞተሩ አየር መጨመር ካልተቻለ ከሸክሙ መቀነስ ነው። ይህ የእኔ ሐሳብ አይደለም፤ የእህቴ ልጅ ነው ያመጣው። የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ያገለገለች ቪትዝ አለችው፤ ቤታቸው እዚያው ሽሮ ሜዳ ዳገቱ ላይ ነው። «ጋሼ፣ ሞተር መቀየር ገንዘብ ነው፤ ኪሎ መቀነስ ግን በነፃ ነው» አለኝ። በነፃ የሚባል ነገር ስሰማ ትንሽ እጠራጠራለሁ፤ ቢሆንም የልጁ ሒሳብ ልክ ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ አስፋልት ዳር ሚዛን ዘርግተው አላፊ አግዳሚውን ከሚመዝኑት ልጆች አንዱን ከነሚዛኑ ግቢ ድረስ ይዞት መጣ። ልጁ ሰው እንጂ ዕቃ መዝኖ አያውቅም፤ ቢሆንም ሥራ ሥራ ነው። ስኮርታው 13 ኪሎ። ክሪክና መፍቻ 5። ውኃ የጠፋ ዕለት ብሎ የሞላው ጀሪካን 21። አንድ ቀን ለቁራሌው እሸጠዋለሁ እያለ ወራት ያዞረው የሞተ ባትሪ 12። ከአንድ ሠርግ የተረፈ የለስላሳ ሳጥን ከነባዶ ጠርሙሱ 12። ዘፈን ሲከፈት መስኮት የሚያንቀጠቅጠው ባስ 19። ድምር፣ 82። ባለሚዛኑ ልጅ ቁልሉን አየና «አንድ ወፍራም ሰው ጭናችሁ ነው እንዴ የምትዞሩት?» አለ።

የዚያን ቀን ከዚህ የተሻለ አነጋገር አልሰማሁም። መኪናዋ ባዶዋን 900 ኪሎ ገደማ ናት። አራት ሰው ሲጨመር ወደ 1,180 ትደርሳለች። በዚያ ላይ ያ ወፍራም ሰውዬ። እሱን ማስወረድ ከጠቅላላው ክብደት ስድስት ከመቶ መቀነስ ነው። ዳገት ላይ ቀስ ብላችሁ ስትወጡ የሞተሩ ልፋት አብዛኛው ክብደት ማንሣት ስለሆነ፣ የቀነሳችሁትን ያህል በቀጥታ ታገኙታላችሁ። የአዳማው ፈጣን መንገድ ላይ በ100 ስትበሩ ግን ዋናው ተቃዋሚ ነፋስ ነው፤ ነፋስ ደግሞ ጀሪካን ያዝክ አልያዝክ ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ ነገሩ የዳገት፣ የመነሣትና የመቆም ነገር ነው። ትልቅ ሞተር ለመሄድ ብቻ ነው የሚረዳው። ቀላል መኪና ለመሄድም፣ ለመታጠፍም፣ ፍሬን ለመያዝም ይረዳል። ይኼ ልጅ ግን ይህን ሁሉ እየነገረኝ ሰፋፊ የጌጥ ቸርኬ ሊያስገባ አስቦ ነበር! ጎማና ቸርኬ ወደ ፊት መሄድ ብቻ ሳይሆን መሽከርከርም ስላለበት፣ እዚያ ላይ የተጨመረ ኪሎ ሌላ ቦታ ከተጨመረው ይብሳል።

እስከዚህ ድረስ ተስማማን። ጭቅጭቁ የመጣው በማግስቱ፣ አንድ ጋራዥ ደርሶ ሲመለስ ነው። መካኒኩ የኋላ መቀመጫውን ከነቀበቶው አውጣው ብሎታል። በሮቹ ውስጥ ያለውን ብረትና ከፓራውልቱ ጀርባ ያለውንም ቆርጬ ላውጣልህ ብሎታል። «ምንም ሥራ የላቸውም፤ ዝም ብለው የተቀመጡ ናቸው።»

እህቴ ሰማችው። ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት፤ ከኋላ እግሯን ዘርግታ ነው የምትቀመጠው፤ መኪናዋም የተገዛችው በዋናነት እሷን ወደ ሕክምና ለማመላለስ ነው። «መቀመጫውን አውጥተህ እኔን የት ልትጭነኝ ነው? ስኮርታው ቦታ?» አለችው።

ነገሩ ከዚህ በፊት ተሞክሯል። ፊያት እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣት ትንሿ 500፣ የዳንቴ ጃኮሳ ሥራ፣ ከ500 ኪሎ በታች ነበረች። ሞተሯ 13 የፈረስ ጉልበት ብቻ ስለነበረው ያልተቆጠበባት ነገር የለም፤ ጣራዋ እንኳ ሸራ ነበር። መጀመሪያ ስትወጣ ከኋላዋ ደህና የሰው መቀመጫ አልነበራትም። ቤተሰብ ያለው ጣሊያናዊ ፊቱን አዞረባት። ፋብሪካው ዓመቱ ሳያልቅ መቀመጫ ያለውን ዓይነት አመጣ፤ ከዚያ በኋላ ነው ዓለም የወደዳት።

የብረቱ ነገር ግን ቀልድ የለበትም። እንግሊዛዊው ኮሊን ቻፕማን፣ የሎተስ መሥራች፣ ዕድሜውን ሙሉ ከመኪና ላይ ኪሎ ሲቀንስ የኖረ ሰው ነው፤ በዚህም እጅግ ፈጣን የውድድር መኪኖች ሠራ። ለኦስትሪያ ይወዳደር የነበረው ሾፌሩ ዮኸን ሪንት፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ባርሴሎና ላይ የመኪናው ክንፍ ተሰብሮ ከተጋጨ በኋላ ደብዳቤ ጻፈለት። የለመነው ቀላል ነገር ነበር፤ መኪኖቹ ፈጣን ስለሆኑ ደካማ ክፍሎቻቸውን ለማጠንከር ጥቂት ኪሎ ቢጨመርባቸው አሁንም መወዳደር ይችላሉ የሚል። በ1970 ሞንዛ ላይ፣ ለውድድሩ ሲለማመድ፣ የፊት ፍሬኑ ዘንግ ተሰበረና ሞተ። የዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ከሞተ በኋላ ነው። እስከ ዛሬ እንዲያ የሆነ ሌላ ሰው የለም።

ለእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው «ጋሼ፣ እኔ እሽቅድምድም አልገባ!» አለኝ። አይገባም፤ እውነቱን ነው። የበሩ ብረት ግን ለእሽቅድምድም አይደለም የገባው። አንድ ሲኖትራክ መስቀለኛ መንገድ ላይ ከጎን የመጣ ዕለት ነው ሥራ የሚጀምረው፤ የዚያን ዕለት ሥራው ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል፤ ከዚያ በፊት ላሉት ዓመታት ሁሉ መካኒኩ እንዳለው ዝም ብሎ የተቀመጠ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር የተማሪ ድርሰት ሳርም መጀመሪያ የማወርደው ቅጽል ነበር። ተማሪዎቹ ግን ቆርጣችሁ አምጡ ሲባሉ ግሡን ቆርጠው «እጅግ ውብና ማራኪ» የሚለውን ይዘው ይመጡ ነበር። ያ መካኒክ የኔ ተማሪ እንዳልነበር እርግጠኛ አይደለሁም።

«ኤሌክትሪክ ግዙና ተገላገሉ» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ምክሩ በየቤቱ አለ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ እንጦጦ አያስፈራውም፤ ፈረሶቹም ጅቡቲ አይቀሩም። ባትሪው ግን ብቻውን በመቶዎች ኪሎ የሚቆጠር ሸክም ነው። ሾፌሩ ላይሰማው ይችላል። የሚሰማው ጎማው ነው፤ ክፉ ቀን ከመጣም ዜብራ ላይ የቆመው እግረኛ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ መሆኑን አትርሱ።

በመጨረሻ ባትሪውን ቁራሌው ወሰደው። ጀሪካኑ ወጥ ቤት ገባ፣ የለስላሳው ሳጥን ለባለቤቱ ተመለሰ። ስኮርታውና ክሪኩ ቦታቸው ናቸው፤ ደሴ ድረስ የሄደ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቀኝም። የኋላ መቀመጫው ከነቀበቶው አለ፣ የበሩም ብረት አልተነካም። ልጁ መኪናዋ ሽቅብ ስትወጣ ለውጡ በደንብ ይታወቃል ይላል፤ እህቴ ምንም አልታወቀኝም ትላለች።

ባሱ ግን አልወረደም። ያው 19 ኪሎ ነው። ለምን ስለው «ጋሼ፣ እሱ እኮ ዕቃ አይደለም» አለኝ።